ፊልሙን ከማን ጋር አየነው? የቤት ውስጥ የፊልም ምሽትና የሲኒማ አዳራሽ

(ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ለእንዲህ ያለ መድረክ የቀለለ ሊመስል ይችላል። ቅዳሜ ማታ ቤተሰብን ሰብስቦ ሳሎን ውስጥ ፊልም ማየት ይሻላል ወይስ ተያይዞ ሲኒማ ቤት መሄድ? ለዚህ ጥያቄ ብዙዎቻችን ዝግጁ መልስ አለን። ቤት ይሻላል የሚል ሰው የመግቢያውን ዋጋ፣ የታክሲውን ሒሳብ፣ የማታውን መንገድ ሥጋት ይቆጥራል። አምስት ሰው ላለበት ቤተሰብ ሲኒማው አምስት ትኬት ይጠይቃል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ተመልካቹ አንድም ሆነ አሥር ሒሳቡ ያው ነው። ሲኒማ ይሻላል የሚል ሰው ደግሞ የሸራውን ስፋት፣ የድምፁን ጉልበት፣ ወጣ ብሎ መመለስ የሚሰጠውን ደስታ ያነሣል። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። ይሁን እንጂ ክርክሩ በዋጋና በጥራት ላይ ሲቆም ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፤ ይኸውም ፊልሙን ከማን ጋር፣ በምን ዓይነትስ ስምምነት አየነው የሚለው ነው።

ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ቤትና ሲኒማ ቤት ሁለት የተለያዩ የአብሮነት ዓይነቶችን ያስተምሩናል። ቤት የሚያስተምረን ጨዋታን ነው፤ ሲኒማ የሚያስተምረን ተመስጦን ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ተክቶ ሊሠራ አይችልም። በመሆኑም ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማየት ስሕተት ነው። የሁለቱም የጋራ ባላንጣ እያንዳንዱ ሰው በእጁ በያዘው ስክሪን ለብቻው የሚያይበት ልማድ ነው።

ከቀዳዳ ወደ ሸራ

የፊልም ታሪክ ጅማሬ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። በቶማስ ኤዲሰን ተቋም የተሠራው ኪኔቶስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ከእንጨት የተሠራ ሣጥን ነበር። ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ በሣጥኑ አናት ላይ ባለው ቀዳዳ ተንቀሳቃሹን ሥዕል ያያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1894 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ 10 እንዲህ ያሉ ሣጥኖች የተደረደሩበት ቤት ለሕዝብ ተከፈተ። ወደዚያ ቤት የገቡ ሰዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም። ሁሉም በየቀዳዳው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895፣ ሉሚየር የሚባሉት ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በግራን ካፌ ምድር ቤት ውስጥ 10 አጫጭር ፊልሞችን ገንዘብ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች በሸራ ላይ አሳዩ። እያንዳንዱ ፊልም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማየት በራሱ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የኤዲሰን ሣጥን አስቀድሞ አሳይቶታል። በፓሪስ የታየው አዲስ ነገር ብዙ ሰው አንዱን ሥዕል በአንድ ቅጽበት ማየቱ ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሲኒማን ልደት ከ1894 ይልቅ በ1895 የሚቆጥሩትም ስለዚህ ነው። ሲኒማ ሲኒማ የሆነው ሰዎች አብረው ባዩት ቀን ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ዛሬ በአንድ ሳሎን ውስጥ አባት በስልኩ ዜና፣ ልጅ በታብሌቷ ካርቱን፣ ወንድም በላፕቶፑ ተከታታይ ድራማ ሲያዩ ያንን የብሮድዌይ ቤት አስቡት። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሚያየውን ግን ሌላው አያይም። ከ130 ዓመት ጉዞ በኋላ ወደ ቀዳዳው ተመልሰናል፤ ልዩነቱ ሣጥኑ በኪስ የሚያዝ መሆኑ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ፦ አዳራሽ፣ ሳሎንና ቪዲዮ ቤት

በአገራችን የፊልም ማሳያ ገና ሲገባ የአዲስ አበባ ሰው ያወጣለት ስም የታወቀ ነው፤ «የሰይጣን ቤት»። ስያሜው ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ቀልድ ነው። እኔ ግን ቁም ነገር አይበታለሁ። ሕዝቡ «ቤት» ብሎ ሲጠራው አዲሱን ነገር የተረዳው እንደ መሣሪያ ሳይሆን እንደ ስፍራ መሆኑን ያሳያል። ያስደነገጠው ሥዕሉ ብቻ አልነበረም፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ተሰብስበው አንድ ነገር ማየታቸውም ጭምር ነበር። ኋላ ላይ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ አምባሳደር፣ በመርካቶም ሲኒማ ራስ የከተማዋ ሕይወት አካል ሆኑ። ሲኒማ መግባት ልብስ ቀይሮ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ ሰዓት አክብሮ የሚደረግ ነገር ነበር።

1957 ዓ.ም. ለዚህ ርእስ ልዩ ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ተደርጎ የሚቆጠረው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»ም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። የአዳራሹ የአማርኛ ፊልምና የሳሎኑ ቴሌቪዥን እኩዮች ናቸው ማለት ነው።

ሳሎኑ ግን ለረጅም ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈር አንድ ወይም ሁለት በነበረበት ዘመን የጎረቤት ልጆች በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ይደረደሩ ነበር። የቤቱ እመቤት ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚበቃ ትወስናለች። ያ ሳሎን ግማሽ ቤት፣ ግማሽ አዳራሽ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የከተማውን ምሽት ወደ ቤት ሲመልሰው ደግሞ የሳሎኑ ድርሻ ይበልጥ ጨመረ።

ቀጥሎ ቪዲዮ ቤት መጣ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ጠባብ ክፍል፣ በሳንቲም የሚገባበት፣ የህንድ ፊልምና የካራቴ ፊልም የሚታይበት። ወላጆች ብዙም አይወዱትም ነበር። ነገር ግን በርካታ የትናንሽ ከተሞች ልጆች ፊልም ከማያውቁት ሰው ጋር የማየት ልምድን ያገኙት እዚያ ነው።

ከዚያም የሳተላይት ዲሽ በየጣራው ተተከለ። እንደ ኤም.ቢ.ሲ. 2 ያሉ የዐረብ አገር ጣቢያዎች የእንግሊዝኛ ፊልም በዐረብኛ ጽሑፍ ታጅቦ በነጻ አቀረቡ። በርካታ ቤተሰቦች ንግግሩንም ጽሑፉንም በሙሉ ሳይረዱ፣ ታሪኩን በግምትና በጨዋታ እየሞሉ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን ደግሞ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ መልሶ ሲያቀርብ ብዙ ክርክር አስነሣ። የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ሥጋታቸውን ገለጹ። ስለ ይዘቱ የሚባለው እንዳለ ሆኖ፣ ጣቢያው አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፤ ቋንቋው ሲገባ እናትና አያት ወደ ስክሪኑ ይመጣሉ።

ቤት የሚሰጠው፦ ጨዋታ

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። በቤት ፊልም ሲታይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ነገር ሰው ዝም አለማለቱ ነው። ልጅ ይጠይቃል፤ እናት ትመልሳለች፤ አጎት ቀድሞ ያየው ከሆነ ቀጥሎ የሚሆነውን ይናገራል፤ ሁሉም ይቆጡታል። አያት «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ስትል ፊልሙ ይቆማል፤ ዝምድናው ይተነተናል፤ እንደገና ይቀጥላል። የሲኒማ ወዳጅ ይህን እንደ ረብሻ ያየዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ የሚሠራውን ሥራ ልብ እንበል። ቤተሰቡ በፊልሙ አማካይነት በቀጥታ ሊነጋገርበት የማይደፍረውን ነገር ይነጋገራል። ስለ ፍቅር፣ ስለ ክህደት፣ ስለ ሀብትና ውርስ፣ ስለ ሞት በማዕድ ላይ ማንሣት የሚከብደው አባት «አየህ፣ ይህ ልጅ አባቱን ቢሰማ ኖሮ» ማለት አይከብደውም። ልጁም «አባትየውስ መቼ ሰማው?» ብሎ መመለስ ይችላል። በቤታቸው ተነሥቶ የማያውቅ ክርክር የሌላ ሰው ታሪክ ለብሶ መጣ ማለት ነው።

ይህ ጥቅም ከአገር ውጭ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ያደገ ልጅ የአማርኛ ፊልም ከወላጆቹ ጋር ሲያይ ጥያቄው አያልቅም። ሽማግሌዎቹ ለምን መጡ? ሴትዮዋ ለምን ነጠላዋን ዘቀዘቀች? «አፈር ስሆን» ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ አገር የተማረ ልጅ ለአያቱ እንግሊዝኛውን ይተረጉማል፤ እዚያ ደግሞ ወላጅ ለልጁ አማርኛውን ይተረጉማል። ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም አይቻሉም።

የቤቱን በጎ ነገር ስናወሳ ግን ሥልጣኑንም መርሳት የለብንም። የብሪታንያው የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪ ዴቪድ ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት በደቡብ ለንደን የሚኖሩ 18 ቤተሰቦች ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚያዩ በቃለ መጠይቅ መርምሯል። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ሪሞቱ በአመዛኙ በአባት እጅ መሆኑ ነው። ሌላው ወንዶቹ በጸጥታና ሳይቋረጡ ማየት ሲመርጡ ሴቶቹ እየተነጋገሩና የቤት ሥራ እየሠሩ ማየታቸው ነው። ሞርሊ ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ የተፈጥሮ ጠባይን አልመሠረተም። ቤት ለወንዱ ከሥራ በኋላ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ለሴቷ ግን ራሱ የሥራ ቦታ ነው አለ።

ይህን ግኝት ወደ እኛ ሳሎን ለማምጣት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ቅዳሜ ማታ ፊልም ተከፍቷል፤ ቡና ይፈላል፤ ፈንድሻው ይቀርባል። በነገራችን ላይ ፈንድሻ በአሜሪካ የሲኒማ ምግብ ሆኖ የተስፋፋው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው፤ በእኛ አገር ግን ስፍራው ከቡናው አጠገብ ነው። እናም ያንን ቡና የሚያፈላ፣ ያንን ፈንድሻ የሚያፈነዳ ሰው አለ። ያ ሰው ፊልሙን የሚያየው ከጀበናው ቀና ባለ ቁጥር ነው። ዋናው ትዕይንት ሲደርስ ስኒ ታጥባለች። ኋላ «ምን ሆነ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ባጭሩ ይነገራታል። ለአራቱ የቤተሰብ አባላት የፊልም ምሽት የሆነው ለአምስተኛዋ የመስተንግዶ ምሽት ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ግን እናት እንደ ማንኛውም ተመልካች ወንበር አላት። ማንም «እስቲ ውሃ አምጪ» አይላትም። ትኬት የሚገዛው ነገር ሸራውን ብቻ አይደለም፤ ለቤት ሠራተኛዋ እናት ሁለት ሰዓት ሙሉ የራሷ የሆነ ጊዜን ይገዛል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ተቃራኒውንም ምሳሌ ላንሣ። አንትሮፖሎጂስቱ ብራያን ላርኪን በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ከተማ ባደረገው ጥናት ሲኒማ ቤቱ የወንዶች ስፍራ ተደርጎ ይቆጠር እንደ ነበር፣ ወደዚያ የምትሄድ ሴትም ስሟ ይጠፋ እንደ ነበር አሳይቷል። ለእነዚያ ሴቶች የህንድ ፊልሞችን፣ በኋላም በሐውሳ ቋንቋ የተሠሩ ቪዲዮ ፊልሞችን ያቀረበላቸው ቤት ውስጥ የገባው ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባዋን እናት ነጻ የሚያወጣው አዳራሽ ለካኖዋ እናት ዝግ ነበር። ስለዚህ «ቤት ወይስ ሲኒማ?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መልስ የለም። መጠየቅ ያለበት በዚህ ስፍራ ማን ተቀምጦ ያያል፣ ማንስ ቆሞ ያስተናግዳል፣ ማንስ ከበር ይመለሳል የሚለው ነው።

አዳራሹ የሚሰጠው፦ ተመስጦ

ወደ አዳራሹ ስንመጣ መጀመሪያ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ማረም ያስፈልጋል። ጸጥታና ሰዓት ማክበር የሲኒማ ተፈጥሯዊ ጠባዮች ይመስሉናል። አይደሉም። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ ተመልካች ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ መሐል ላይ ይገባ፣ እስከ መጨረሻ ያይና መጀመሪያው ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን ፊልሙን ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶቹ በጥብቅ እንዲከለክሉ አደረገ። ሰዎች ተሰልፈው ጠበቁ፤ ደንቡንም ለመዱት። ከዚህ የምንማረው የአዳራሹ ሥነ ሥርዓት በሰዎች የተሠራ መሆኑን ነው። በሰው የተሠራ ነገር ደግሞ ሊፈርስም፣ ሌላ ቦታ ሊተከልም ይችላል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ያ ሥነ ሥርዓት ምን ያስገኛል? አንደኛ፣ ፊልሙን በራሱ ጊዜ እንድናየው ያስገድደናል። ፊልም ሠሪ አንድን ጸጥታ አሥር ሰከንድ ሲያረዝመው ያ ርዝመት ትርጉም አለው። ቤት ውስጥ ያ አሥር ሰከንድ ስልክ የሚታይበት ወይም ፊልሙ ወደ ፊት የሚሮጥበት ነው። አዳራሹ ውስጥ የማቆሚያ ቁልፉ በእጃችን ስለሌለ መሰልቸትን፣ መጨነቅን፣ መጠበቅን እንችላለን። የሌላውን ሰው ሥቃይ ከማየት ዓይናችንን ለማንሣት አለመቻል ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ስሜት እንጋራለን። ሳቅን ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን ቴሌቪዥንን ወይም መጽሐፍን የመሰለ አነሣሽ ነገር በሌለበት ጊዜ ሰዎች በሌሎች መካከል ሲሆኑ የሚስቁት ብቻቸውን ከሆኑበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል መሆኑን አግኝቷል። ሳቅ ከቀልዱ ይልቅ የአብሮነት ልጅ ነው ማለት ነው። የአዲስ አበባን ሲኒማ ተመልካች የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠራጠርም። የእኛ ተመልካች ያጨበጭባል፤ ክፉውን ገጸ ባሕርይ ይረግማል፤ የዋሁን «ኧረ ተመለስ!» ብሎ ይመክራል። ይህ ከሳሎኑ ጨዋታ የተለየ ነገር ነው። በሳሎን የምንነጋገረው ከሚያውቁን ሰዎች ጋር ነው፤ ቁጣችንንም ሳቃችንንም አስቀድመው ያውቁታል። በአዳራሽ ግን ከፊት ረድፍ የተቀመጠ፣ ሃይማኖቱንም ሰፈሩንም የማናውቀው ሰው እኛ ባዘንንበት ቅጽበት ሲያዝን እንሰማለን። ለአንድ ከተማ ሕዝብ ይህ ቀላል ዕውቀት አይደለም።

የዚህን ዕውቀት ዋጋ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ሣንኮፋ» ነው። ስለ ባርነት የተሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጠናቀቅ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ተቋም አልተገኘም። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በየከተማው ሲኒማ ቤቶችን ራሳቸው እየተከራዩ አሳዩት። ጥቁር አሜሪካውያን ተመልካቾች ለሳምንታት አዳራሾችን ሞሉ። ያ ሕዝብ ፊልሙን በየቤቱ ለየብቻ ቢያየው ኖሮ ታሪኩን ባወቀ ነበር። በአዳራሽ አብሮ ስላየው ግን ያወቀው ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ታሪክ ለማወቅ የፈለገው እርሱ ብቻ አለመሆኑን።

አዳራሽ የሌለበት አገርስ? ሳዑዲ ዐረቢያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከ35 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲኒማ ቤት አልነበራትም። ሕዝቡ ግን ፊልም ማየቱን አላቆመም፤ በቪዲዮ፣ በሳተላይት፣ በኢንተርኔት ቤቱ ሆኖ አየ። አንዳንዱም ድልድዩን ተሻግሮ ባሕሬን ሄዶ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2018 በሪያድ «ብላክ ፓንተር» በይፋ በታየበት ዕለት እገዳው አበቃ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አገሪቱ በመካከለኛው ምሥራቅ ከፍተኛ የሲኒማ ገቢ ካላቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ፊልሙን ቤቱ ማግኘት የሚችል ሕዝብ ለምን ከፍሎ አዳራሽ ገባ? የጎደለው ፊልም ስላልነበረ ነው። የጎደለው አብሮ መውጣትና አብሮ ማየት ነበር።

የሚጠፋው ምንድን ነው?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ዘመኑ ተለውጧል፤ የተለወጠን ዘመን በንግግር መመለስ አይቻልም» ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው። ነገር ግን የሚጠፋውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሚጎዳው ፊልም ሠሪው ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በቪዲዮና በዲጂታል ካሜራ እየተሠራ የተስፋፋው የአማርኛ ፊልም የቆመው በአዳራሽ ትኬት ላይ ነበር። አምራቹ መጀመሪያ በሲኒማ ቤቶች ያሳያል፤ ከትኬቱ ሽያጭ ከባለ አዳራሹ ጋር ይካፈላል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው በሲዲ ወደ ቤት ይገባል። ሲዲው ያለ ፈቃድ መባዛቱ ብዙዎችን አክስሯል፤ አዳራሹ ግን በር ስላለው ገቢው ይታወቅ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ አዳራሾቹ ተዘጉ፤ ተመልካቹም ፊልምን በዩቲዩብ በነጻ የማየት ልማዱን አጠነከረ። በነጻ የታየ ፊልም ግን በነጻ አልተሠራም። ገቢው ከማስታወቂያና ከተመልካች ብዛት ሲሆን ሥራውም የሚቀረጸው ሰውን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለመያዝ ነው፤ ረጋ ያለ ታሪክ ቦታ ያጣል።

ሁለተኛው ተጎጂ ልጁ ነው። ለብቻው በስልክ የሚያይ ልጅ የማይወደው ትዕይንት ሲመጣ በአውራ ጣቱ ይሸኘዋል። ማንም «ቆይ፣ ለምን አስጠላህ?» አይለውም። ጨዋታም ተመስጦም አላገኘም። ምርጫውን የሚያደርግለት ደግሞ ትናንት ያየውን መዝግቦ ዛሬ የሚመስለውን የሚያቀርብለት ሥርዓት ነው። በሳሎን የእህቱን ምርጫ ታግሦ ያይ ነበር፤ በአዳራሽ ሰው ሁሉ የሚያየውን ያይ ነበር። ሁለቱም ከራሱ ፍላጎት ውጭ ያለውን ነገር ያሳዩት ነበር።

ሦስተኛው ተጎጂ የጋራ ትዝታ ነው። አንድ ትውልድ አንድን ፊልም አብሮ ሲያይ ከፊልሙ የወጣ አነጋገር የመንገድ ቋንቋ ይሆናል፤ አንዱ ሲጀምረው ሌላው ይጨርሰዋል። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ሲያይ አንዱ የሚጀምረውን የሚጨርስለት የለም።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ሳሎኑ ከአዳራሹ፣ አዳራሹም ከሳሎኑ እንዲዋዋሱ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳሎኑ ከአዳራሹ የሚዋሰው ሥነ ሥርዓትን ነው። ቀደም ሲል እንዳልኩት ይህ ሥነ ሥርዓት ከሸራው ጋር የተወለደ አይደለም፤ በሰዎች ስምምነት የተሠራ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥም ሊሠራ ይችላል። የፊልሙ ምሽት ቀንና ሰዓት ይኑረው። ምርጫው በተራ ይሁን፤ በዚህ ሳምንት የአባት ከሆነ በሚቀጥለው የትንሿ ልጅ ይሁን፤ ሪሞቱም የመራጩ ይሁን። ስልኮች በአንድ ቅርጫት ይግቡ። ቡናው ፊልሙ ሳይጀመር ይጠጣ ወይም ሲያልቅ ይፈላ፤ ስኒውንም ሁሉም አብሮ ያንሣ፤ እናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትቀመጥ። መብራት ሲበራ ደግሞ ወዲያው ከመበተን አሥር ደቂቃ ስለ ፊልሙ ማውራት ይልመድ። ይህ ሁሉ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

አዳራሹ ከሳሎኑ የሚዋሰው ደግሞ ቤተኝነትን ነው። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ የቀን ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ዋጋ በአምስት ያልተባዛ የቤተሰብ ትኬት፣ ለአረጋውያን የሚመች ደረጃና ወንበር፣ ለሚረዱት ቋንቋ የተዘጋጀ ትርጉም ያስፈልጋል። ሲኒማ ቤት የወጣቶችና የጥንዶች ብቻ ሲሆን አያት ከበር ውጭ ቀርታለች ማለት ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው ደግሞ የምርምር ጥያቄ ነው። ዴቪድ ሞርሊ ለንደን ውስጥ 18 ቤተሰቦችን ጠየቀ። የጎንደርን፣ የሐዋሳን፣ የድሬዳዋን ሳሎን ገብቶ ሪሞቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ቡናውን ማን እንደሚያፈላ፣ ልጆች የት እንደሚያዩ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ የሚጽፈው ያገኛል። ቪዲዮ ቤቶችን በልጅነታቸው የሚያውቁ፣ በሲኒማ ራስ በር ላይ የተሰለፉ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ትዝታቸው ሰነድ ነው፤ ሳይቀዳ እንዳያልፍ።

በመጨረሻም የምጠይቃችሁ ነገር ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ ፊልም ስትነጋገሩ «አየኸው ወይ?» ከሚለው በኋላ «ከማን ጋር?» የሚለውን ጨምሩበት። «ብቻዬን» የሚለው መልስ እየበዛ ከመጣ በየትኛው ቤት ምን እንደ ጎደለ መፈለግ የምንጀምረው ከዚያ ነው።